ከጓሮ የዘገንኩት አፈር

የግብርና ባለሙያው ቤታችን የመጣ ቀን አባቴ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ሄዶ ነበር። እናቴ ከአውኛ ሌላ ቋንቋ ስለማይቀናት እኔ ወጣሁ። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት ካቆምኩ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ እንግዳ ፊት ቀና ብዬ መናገር ግን አልለመድኩም ነበር። የገብስ ማሳችን ቢጫ እየሆነ ይቀጭጭ ነበርና ባለሙያው አፈሩ ኮምጣጣ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። ናሙና በላስቲክ አድርገሽ ጠብቂኝ፣ ስመለስ እወስዳለሁ፤ ኮምጣጣ ከሆነ ማሳው ላይ የሚበተን ኖራ ይሰጣችኋል ብሎኝ ወደ ታች ወረደ።

ናሙና ሲባል እኔ የማውቀው የገበያውን ነው። ገዢ እንዲያየው የሚዘገን፣ የተበጠረ፣ ምርጡ እህል። ማሳው ላይ ቆሜ ያንን ቀይ፣ የገረጣ አፈር ሳየው አፈርኩ። ይህ ለመንግሥት ሰው ይሰጣል? ወደ ጓሮ ተመለስኩና እናቴ ስንት ዘመን አመድና ፍግ ስትደፋበት ከኖረችው የጎመን መደብ ጥቁሩን ዘገንኩ። ጠጠሩን ሳይቀር ለቀምኩለት።

ውጤቱ ሲመጣ የእኛ አፈር ጤነኛ ነው ተባለ። ከድንበሩ ማዶ ያለው ወጣት ጎረቤታችን ኖራ ተሰጠው። በዚያ ክረምት የእሱ ገብስ ወገብ ደረሰ፤ የእኛ ከጉልበት በታች ቀረ። ባለሙያው ራሱ ግራ ገብቶት፣ እዚህ አገር አፈሩ በአንድ ድንበር ግራና ቀኝ ይለያያል አለ። ያኔ ገባኝ። የተመረመረው ማሳችን ሳይሆን ጓሯችን ነበር። ፊቴ ጋለ፤ እንስራ አንስቼ ውኃ ልቀዳ ወረድኩ።

ደቦ ላይ ያ ጎረቤታችን አባቴን፣ «አያ፣ መሬትዎስ ጤነኛ ነው ተብሏል፤ እርስዎን ይመርምሩዎት እንጂ» ሲለው ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አባቴም አብሮ ሳቀ። ሲጨርስ መዳፉን ገልብጦ አየው።

በሚቀጥለው ዓመት ዘር ቀየረ፣ ሦስቴ የሚያርሰውን አምስቴ አረሰ። አልሆነም። በሬዎቹን ሸጠና ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተከለ። ችግኝ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። እዚያው ልነግረው ቆረጥኩ።

«አባዬ፣ አፈሩ...» አልኩ።

«አፈሩማ ምን አደረገ?» አለ ቀና ሳይል። «እጄ ነው የከዳኝ፣ ልጄ። አፈሩን አትውቀሺው።»

ሌላ ችግኝ አቀበልኩት።

ዛፎቹ ለቆረጣ ሳይደርሱ አባቴ አረፈ። ማረስ የማይችል ሰው እንደነበር አምኖ ሄደ።