በጉያ የተጓዘው ደም

እማዬ ቀኝ ጎኗን ይዛ መቀመጥ የጀመረችው በጃንሆይ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መጀመሪያ «ምግብ አልፈጭ ብሎኝ ነው» አለች። ቀጥላ «ብርድ ነው» አለች። ቀሚሷ ከጎድኗ ሥር ሲወጠር ግን ነጠላዋን ትደርብበት ጀመር። እኔ ያኔ ነቀምት ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ድሬሰር ነበርኩ። ደም ስቀዳ እጄ አይንቀጠቀጥም፤ አፌ ደግሞ አያርፍም። እያጉረመረምኩ እዚያው ወደምሠራበት ሆስፒታል ጎትቼ ወሰድኳት።

ሐኪሙ ሆዷን ዳብሶ ከሁለት አንዱ ነው አለ። ወይ ጉበቷ ላይ መግል ቋጥሯል፤ እሱ በመርፌ ይቀዳል። ወይ ከውሻ የሚመጣ፣ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል ጉበቷ ውስጥ ውሃ የሞላ ከረጢት ሠርቷል። ይህን ከረጢት በመርፌ መንካት አይቻልም፤ ውሃው ሆዷ ውስጥ ከፈሰሰ እዚያው አልጋው ላይ ልትቀር ትችላለች። ሁለቱን የሚለየው የደም ምርመራ ነው፤ እሱም ያለው አዲስ አበባ ብቻ።

«ቤታችሁ ውሻ አለ?» አለ ሐኪሙ።

«አለ እንጂ! ያውም አንበሳ የሚያህል!» አሉ አብረውን የመጡት አባቴ፣ አባባ።

የሰፈራችን የቅርጫ አራጅ አባባ ነበሩ። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ካዩ ቆርጠው ለውሻችን ይወረውሩለታል። ለሰው ያልሆነ ለውሻ ይሆናል ባይ ናቸው። ያንን ውሻ ስታሻሸው የምትውለው ደግሞ እማዬ ነበረች። ትሉ ከዚያ ቁራጭ ወደ ውሻው፣ ከውሻው ወደ ሰው እጅና አፍ እንደሚሄድ ሐኪሙ ሲያስረዳቸው አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያገላብጡት ጀመር።

ደሟን እኔው ቀዳሁ። ብልቃጡን በረዶ በሞላሁት ፔርሙዝ ውስጥ አስገብቼ አዲስ አበባ እንዲያደርሱት ለአባባ ሰጠኋቸው።

«አባባ፣ እንዳይሞቅ። ከበረዶው እንዳያወጡት።»

«ሰማሁ አልኩ እኮ! ልጅ ነኝ እንዴ?»

እማዬ ከነቀምት አለፍ ብሎ ያለችው የጉቴ ሰው ናት። በር ላይ ቆማ «ነጋን ገላ» አለቻቸው፤ በሰላም ግቡ ማለቷ ነው። እሳቸው ጎጃሜ ናቸው፤ ኦሮምኛ ሊመልሱላት ሲታገሉ ሁልጊዜ ትስቅባቸዋለች። ያን ቀን አልሳቀችም።

በአምስተኛው ቀን አንድ ወረቀት ይዘው ተመለሱ። «ደሙ በሙቀት ተበላሽቷል፤ ሌላ ይላክ» ይላል።

«በረዶውስ?» ብዬ ጮህኩ።

አንገታቸውን ደፉ። አውቶቡሱ ገና ጉቴን ሳያልፍ ፔርሙዙን ከፍተው ብልቃጡን ሲነኩት አላስቻላቸውም። «በረዶ ሆኗል፣ ልጄ። የእናትሽ ደም ነው እኮ። ብርድ እንደማትችል አንቺም ታውቂያለሽ። ደም ከቀዘቀዘማ ሞተ ማለት ነው ብዬ ከጉያዬ አስገባሁት፣ ጋቢዬን ደረብኩበት። አዲስ አበባ እስክደርስ እጄን ከላዩ አላነሳሁም።»

ዛሬ ሳስበው ሆዴ ይባባል። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። አንቱ እያልኩ ያደግኩትን አባቴን፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ «ብትሞት የገደልካት አንተ ነህ!» አልኩት። ባዶውን ፔርሙዝ አንስተው ክዳኑን ያጠብቁ ጀመር።

«አንቺ ባለጌ!» አለች እማዬ ከአልጋዋ። «በጉያው ይዞኝ ሄደ እንጂ ምን አደረገኝ?»

ሌላ ደም ቀዳሁ። ሕመሙ እየባሰባት ስለነበር ጎረቤቶች «ወጌሻ ይብጣትና ትገላገል» ማለት ጀምረው ነበር። አባባ ሊሄዱ ሲሉ በሩ ላይ ቆመው «ምላጭ የያዘ ሰው እዚህ ደጃፍ እንዳላይ!» ብለው አስጠነቀቁ። ፔርሙዙን ጭናቸው ላይ አቅፈው ሄዱ። አምቦ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ምሳ ትተው፣ ሆቴል ገብተው በረዶ ለምነው ጨመሩበት።

ውጤቱ መጣ። ከረጢቱ ነው። መርፌ አልነካትም፤ ሆዷ ተከፍቶ ከረጢቱ ሳይፈነዳ ወጣላት። ተመስገን፣ እናቴ ተረፈች።

ከዚያ ሐኪሙ በሽታው እንዳልተመለሰ ለማወቅ በየዓመቱ ደሟ ይታይ አለ። ደሙ ውስጥ ያለው የበሽታው ምልክት ከዓመት ዓመት መቀነስ ነበረበት። በየዓመቱ እኔ እቀዳለሁ፣ አባባ ይወስዳሉ። ጉልበታቸው እየደከመ ሲሄድ አዘንኩና «ለሹፌሩ እንስጠው» አልኳቸው።

«ሹፌሩ ሚስቱ ናት?» አሉኝ።

ቅርጫ ሲያርዱም ውሃ የቋጠረውን ሁሉ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቀብሩ ጀመር። የሰፈሩ ሰው «ተዝካሩስ መቼ ነው?» እያለ ይቀልድባቸዋል። እሳቸው አይስቁም፤ አፈሩን በእግራቸው ይደለድላሉ።

በአራተኛው ዓመት ይዘው የመጡትን ወረቀት ግቢ ውስጥ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ምልክቱ ጠፍቷል፤ ከእንግዲህ ደም መላክ አያስፈልግም። እማዬ «ገለቶሚ፣ ዋቀዮ!» ብላ አምላኳን አመሰገነችና እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ግር ብሎ ገባ።

አባባ ፔርሙዙን መሬት ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡና ሰው ሁሉ ወደሷ ሲዞር እሳቸው ወደ እኔ መጡ።

«በይ እንግዲህ፣ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ያቺን ቃልሽን አንሺልኝ።»

«የቷን ቃል?» ልል አፌን ከፈትኩ። ወዲያው ያቺ «የገደልካት አንተ ነህ» ትዝ አለችኝ። እኔ እኮ በማግስቱ ረስቻታለሁ። እሳቸው በየዓመቱ፣ ጭናቸው ላይ ከፔርሙዙ ጋር፣ አዲስ አበባ ድረስ ይዘዋት ሲመላለሱ ኖረዋል።

ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። «አንስቻለሁ፣ አባባ» ለማለት፣ ያ የማያርፈው አፌ አልታዘዝ አለኝ።