የመንግሥት መርከብ

ልጄን አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላት ሲል የጦር መርከብ ፍቅር ያዛት። የሰው ልጅ ፍቅር ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የልጁን አባት ፈልጌ አነጋግረው ነበር። የጦር መርከብ አባት የት ይገኛል?

ነገሩ የጀመረው ከቴሌቪዥን ነው። የጃፓን ካርቱን ነው። እሷ «ካርቱን አይደለም፣ አኒሜ ነው» ትለኛለች፤ ልዩነቱን ሦስት ጊዜ አስረድታኝ ሦስቱንም ጊዜ አልገባኝም። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆኑ ልጃገረዶች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ አንድ ሙሉ የጦር መርከብ ይዘው ባሕር ለባሕር ይዞራሉ። ካፒቴኗ ተማሪ፣ መድፈኛዋ ተማሪ፣ ሞተር የምትጠብቀው ተማሪ፣ ወጥ ሠሪዋም ተማሪ ናት። አስተማሪ የለም። ወላጅ የሚባል ፍጡር በአካባቢው አይታይም።

በቤቴ ደንብ አለ፤ የምከለክለውን ነገር አስቀድሜ እመረምራለሁ። ሳላይ ከከለከልኩ ልጄ ጠበቃ ሆና ትረታኛለች። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን ሳሎን ውስጥ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጥፋት ልመዘግብ ነው።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ ገጹ ሞላ። ቀሚሳቸው ለባሕር ነፋስ አይሆንም። መድፍ ተኩሰው ጭሱ ሳይጠፋ ስለ ኬክ ያወራሉ። ማዕበል ሲመጣ አንዲቷም ስታማትብ አላየሁም። ወጥ ሠሪዋ በየቀኑ ዓሣ ትጠብሳለች፤ እዚህ ላይ እኔና ባለቤቴ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ወደሚለው ክርክር ገብተን ካርቱኑን ለሩብ ሰዓት አስቆምነው። ከሁሉ በላይ የከነከነኝን ግን ልጄን ጠየቅኳት።

«የእነዚህን ልጆች ፎርም የፈረመላቸው ማነው?»

«ዋት ፎርም?»

«ይኼን ሁሉ መድፍ ይዘው ሲወጡ ወላጅ ሳይፈርም ነው?»

«አባዬ፣ ሊትረሊ ዓለም እየጠፋ ነው።»

«ዓለም ሲጠፋም ፎርም አለ» አልኳት። አሜሪካ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ይህን አይስተውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኔ ክብር አይመችም። ሁለተኛውን ክፍል «ቀጥይው» ያልኳት እኔ ነኝ። ሦስተኛውንም እንዲሁ። ካፒቴኗ ትዕዛዝ መስጠት የምትፈራ ልጅ ናት፤ ሰጥታ ስትሳሳት ግን «እኔ ነኝ ያዘዝኩት» ትላለች። ይህን ዓረፍተ ነገር በኢትዮጵያም ሆነ በአሜሪካ ከአለቃ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ደብተሬ ላይ፣ ከጥፋቱ ዝርዝር ሥር፣ ጻፍኩት። ልጄ አየችኝ፤ ፈገግታዋን ለመደበቅ አልሞከረችም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልጻፍ።

በወጣትነቴ ባሕር ዳር ስምንት ወር ያህል መርከብ ላይ ሠርቻለሁ። ልጄ አልጋዋን ሳታነጥፍ ወደ ትምህርት ቤት ልትወጣ ስትል ስብከቴ ከዚህ ይጀምር ነበር። እኔ ካንቺ ብዙም ሳልበልጥ ባሕር ላይ ነበርኩ እላታለሁ፤ የመንግሥት መርከብ ላይ፤ እዚያ «በኋላ» የሚባል ነገር የለም። ቃሉ ሁሉ እውነት ነው። እኛ አገር ጣናን ባሕር ነው የምንለው፤ ከተማው ራሱ ባሕር ዳር እንጂ ሐይቅ ዳር አልተባለም። መርከቡም የመንግሥት ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ደሴቶቹን እየነካ ጎርጎራ ይደርሳል። የሚጭነው ነጋዴ፣ ጆንያ እህል፣ እግሯን የታሰረች ዶሮና ሒሳብ የማይከፍሉ መነኮሳት ነበር። እኔ ደግሞ ቲኬት ቆራጭ ነበርኩ።

ይህችን የመጨረሻዋን በስብከቱ ውስጥ አላስገባኋትም። ቲኬት ቆራጭ አልጋ አያስነጥፍም።

የልጄ አማርኛ የጓዳ አማርኛ ነው፤ ጨው አቀብይኝ፣ ጫማሽን አውልቂ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የቀረውን በልቧ ወደ እንግሊዝኛ እየገለበጠች ነው የምትሰማኝ። «ባሕር» ስል «ሲ» ትላለች። «የመንግሥት መርከብ» ስል «ገቨርንመንት ሺፕ» ትላለች። ሁለቱ በእንግሊዝኛ ሲደመሩ «ኔቪ» ይወጣል። እኔ አንድ በአንድ እውነት እየነገርኳት ድምሩ ውሸት ሆኖ አረፈ።

ትምህርት ሊዘጋ አንድ ወር ሲቀረው፣ ልጄ አሥር ገጽ የሚሆን ፎርም አምጥታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይ፣ ሸራ በምትዘረጋ የእንጨት መርከብ የሚሰጥ የክረምት ሥልጠና ነው። ሁለት ሳምንት፣ አሥራ ሁለት ወጣቶች። ሳትነግረኝ አፕላይ አድርጋ ገብታለች፤ የሚቀረው የወላጅ ፊርማ ነው፤ እስከ ዓርብ። ሳትነግረኝ ማድረጓ ራሱን የቻለ ክስ ነበር፤ ቀጠሮ ሰጠሁት። ፊቷን ሳየው ግን ነገሩ የካርቱን ጨዋታ እንዳልሆነ ገባኝ። ያቺ ልጅ ከዚያ በፊት ምንም ነገር እንዲህ ፈልጋ አላየኋትም።

ሌላ አባት ይፈርማል። እኔ ሳላነብ አልፈርምም። እንግሊዝኛን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት ሳይሆን የቦይለር መመሪያ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የአንድ ፎቅ የጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ በዚህ ሥራ መመሪያ ያላነበበ ሰው ጣቱን ያጣል። ስለዚህ ፎርሙን እንደ ቦይለር አነበብኩት፣ መዝገበ ቃላት ከጎኔ አድርጌ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የማመልከቻ ደብዳቤዋን አገኘሁት። አባቷ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መርከበኛ እንደነበረ ይናገራል። ዲሲፕሊንን ከእሱ እንደተማረች፣ አገሩ ባሕሯን ስታጣ እሱም መርከቡን እንዳጣ ጽፋለች። ይህችን ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ባለታሪኩ እኔ ባልሆን ኖሮ አለቅስ ነበር።

ከደብዳቤው በታች አንዲት ሣጥን አለች፤ «የመርከበኛ ቤተሰብ፣ ቅድሚያ ይሰጠዋል» ትላለች፤ ምልክት ተደርጎባታል። ከዚያ በታች ደግሞ፣ ከላይ የተጻፈው ሁሉ እኔ እስከማውቀው እውነት ነው የሚል ቃልና ለእኔ ፊርማ የተሰመረ መስመር።

እስከማውቀው። አውቅ ነበር ወይ? ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት ጓደኛዋ ቤት መጥታ ኔቪ ነበርክ ወይ ብላ ጠይቃኛለች። ሳቅ ብዬ «ሎንግ ታይም አጎ» አልኳት። ይህም እውነት ነው፤ ምኑ ድሮ እንደነበረ አልተናገርኩም እንጂ ሁሉም ነገር ድሮ ነበር። ስለዚህ አዎ፣ አውቅ ነበር። ደስም ብሎኝ ነበር።

ለባለቤቴ ስነግራት መቀመጫ እስክትፈልግ ድረስ ሳቀች። እሷ የጎጃም ልጅ ናት፤ ያንን መርከብ ታውቀዋለች፣ ተሳፍራበታለችም።

«አድሚራል ሆይ፣ ፈርምላትና ተገላገል» አለችኝ። «የዚያን ጊዜው ባሕር ኃይል ራሱ የለ፤ ማን ሄዶ ያጣራል?»

ልጄን ጠራኋትና ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ ጣናን አሳየኋት። በሁለት ጣቷ ለጠጠችው፣ መልሳ አሳነሰችው።

«አባዬ፣ ዚስ ኢዝ ኤ ሌክ።»

«ባሕር ነው የምንለው።»

«ዳርቻው ዙሪያውን ይታያል።»

«ከመሐሉ አይታይም።»

ስልኩን መለሰችልኝ። «አንተ ካፒቴን ነበርክ?»

«ቲኬት ቆራጭ ነበርኩ።»

«ዋናስ?»

«አልችልም።»

ከዚህ በኋላ የመጣውን ከዚያ ዕለት ጀምሮ ብዙ ጊዜ አስታውሼዋለሁ። ድምጿን ሳታነሣ ነው የተናገረችው። «ሶ ያ ሁሉ የአልጋዬ ጭቅጭቅ... ቲኬት ነበር?»

ሐሙስ አሌክሳንድሪያ ሄደን እውነቱን እንነግራቸዋለን አልኳት። ያን ጊዜ አለቀሰች። ስታለቅስ አማርኛዋ ይጠራል። «ፈርም። ማንም አያውቅም። እኔ አልዋሸሁም፣ አንተ ያልከኝን ነው የጻፍኩት» አለች። እውነቷን ነው። እሷ አስተርጓሚ ብቻ ነበረች። ስለ ሐቅ የምሰብከው ስብከት አለኝ፣ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ አፌን ከፈትኩ፣ አልመጣም። «ስለዚህ የምናገረው እኔ ነኝ፤ አንቺ አጠገቤ ትቆሚያለሽ እንጂ አትናገሪም» አልኳት።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ወስጃት በቤልትዌይ አውራ ጎዳና ወረድን። የሥልጠናው ኃላፊ አንገቷን ፀሐይ ያቃጠላት፣ ስድሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት፤ ወንዙ ዳር ተንበርክካ ከአንዲት ጀልባ ላይ አሮጌ ቀለም ትፍቃለች። ንግግሬን በወረቀት ጽፌ ነበር። ወረቀቱ መኪና ውስጥ ቀረ። የቀረኝን እንግሊዝኛ ሰብስቤ፣ «አይ ዋዝ ኖት ኔቪ። አይ ዋዝ ቲኬት» አልኳት።

ሴትዮዋ መፋቂያውን አስቀመጠች። ልጄ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ግን ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋት፤ ሐይቁን ባሕር እንደምንል፣ መርከቡ የመንግሥት እንደነበር፣ ልጄ የሰማችውን በትክክል እንደተረጎመች፣ ዝም ያልኩት እኔ እንደሆንኩ። ሴትዮዋ ስንት ሰው ይጭን እንደነበረ፣ ለተሳፋሪው የደኅንነት ጃኬት ይኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለካፒቴኑ ነበር አልኳት። ሳቀች። መጥተህ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ አለች።

ከዚያም ቢሮ ገብታ ያቺን የሣጥን ምልክት ሰረዘቻት። ቅድሚያ የሚሰጠው ለመርከበኛ ልጆች ነው፣ ቲኬት እዚያ ውስጥ አይገባም፣ ሌሎችም ወላጆች ተራ ይጠብቃሉ አለችን። ልጄ ዌይቲንግ ሊስት ላይ አራተኛ ሆና ተጻፈች። ደብዳቤውን አስተካክላ ከተፈረመ ፎርም ጋር እንድትልክ ፈቀደችላት። ያደረገችው ይህን ብቻ ነው።

አልዋሽም፤ በልቤ «ስለ ሐቀኝነትህ» ብላ ትምረናለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ስብከቶቼ ሁሉ የሚያልቁት እንዲያ ነው። ሴትዮዋ ስብከቶቼን አልሰማችም።

ስንመለስ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ድልድዩን ተሻገርን። ከዚያ በመስኮት እያየች፣ «ብትፈርም ኖሮ ገብቼ ነበር» አለች።

«አዎ። ገብተሽ ነበር።»

«ራይት እንደሆነ አውቃለሁ። ስቲል ተናድጄብሃለሁ።»

«ተናደጂ። ይገባሻል።»

አንድ ቁም ነገር ልጨምርበት ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ አንዱ መኪና ያለ ፍሬቻ ፊቴ ገባ። ለሾፌሩ ያወጣሁለት ቃል ከቁም ነገር ጋር አብሮ የሚሄድ አልነበረም፤ ስብከቱን ተውኩት።

በነጋታው ከትምህርት ቤት መጥታ አዲሱን ደብዳቤ ጻፈች፤ ስፔሊንግ እንዳይ ሰጠችኝ። እንዲህ ይላል፦ «አባቴ አንድ ሐይቅ ላይ በሚሄድ ጀልባ ቲኬት ይሸጥ ነበር። ሐይቁን ባሕር ይለዋል። ማዕበል ሲነሣ የቲኬት ቦርሳው ውስጥ አስመልሷል። ዋና አይችልም። እኔ እችላለሁ። ስለ መርከብ የማውቀውን ያወቅሁት በዕድሜ እኩዮቼ የሆኑ ልጆች መርከብ ከሚነዱበት ፊልም ነው፤ እውነተኛው ላይ መማር እፈልጋለሁ።» ስለ ማስመለሱ እኔ አልነገርኳትም። ሚስት ያለው ሰው ምሥጢር የለውም። ደብዳቤው እንደ አባት ሦስት ቦታ ላይ ወጋኝ፤ እንደ አንባቢ ግን የማነሣው ነቀፋ አጣሁበት። ፈረምኩ።

ቅጣትም ተፈረደብኝ። የቀሩትን ክፍሎች በሙሉ ከእሷ ጋር አያለሁ፤ ደብተር የለም፤ አስተያየት የለም። ለብዙ ቅዳሜ ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ብቻ ተናገርኩ፤ አንዱ ስለ መልሕቁ ነበር፣ ትክክልም ነበርኩ።

ሥልጠናው ሊጀመር ስድስት ቀን ሲቀረው ኮል አደረጉልን። ሦስት ልጆች ቀደም ብለው ቀርተው ነበር፤ አራተኛው የዚያን ዕለት ማለዳ ቀረ። ልጄ ስልኩን እንደያዘች መጀመሪያ ወደ እናቷ ሮጠች። ያንን መዝግቤዋለሁ፣ ቅር ግን አልተሰኘሁም።

የመጀመሪያው ቀን ወላጆች ወንዙ ዳር ቆመው እንዲሸኙ ተፈቅዶ ነበር። ግማሽ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ልጆቹ መርከቧ ላይ ብርቱካንማ ጃኬታቸውን ለብሰው የተባሉትን ይሠራሉ፤ አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ይፈታል፣ አንዱ ዝም ብሎ ይፈራል። ልጄ ከኋለኛው ጫፍ ተመድባለች። እኔ እጆቼን ወደኋላ አጣምሬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ከሌሎቹ ወላጆች ሁሉ ለውሃው ቀርቤ ቆሜያለሁ። ሴትዮዋ ከላይ አንድ ነገር አዘዘች፤ ልጄ ጎተተች፤ አልመጣላትም። እንደገና ጎተተች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ይመስለኛል፣ በጠራ አማርኛ ተናገረችኝ።

«አባዬ፣ ገመዱን ረግጠኸዋል። እግርህን አንሣ።»

አነሣሁ። መርከቧም ሄደች።