የአምስት ሰዓት ተኩል መንገድ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ለናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው መሰለኝ፤ ፈሪ ነኛ!

ኤርሚያስ ጀፕ ሰፈር ባለው የብርድ ልብስ ሱቅ ሸሪኬ ነው። ዙሉኛን እንደ ውሃ ጠጥቶታል፤ እኔ ከሰላምታው፣ ከ“ሳውቦና” አላልፍም። እኔ በአውሮፕላን መጣሁ፤ እሱ ግን በሞያሌ ወጥቶ፣ በጭነት መኪናና በእግር፣ ሁለት ወር ተኩል ፈጅቶበታል። የመንገድ ወሬ ሲነሳ ፊቱ ስለሚጠቁር ስለ በረራ አውርተን አናውቅም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት እህቱ ከአዲስ አበባ ለእኔ ደወለች። “ጋሼ፣ እማዬ አረፈች። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ቀስ ብለው ይንገሩትና ይላኩልን” አለችኝ። አውሮፕላኑ የሚነሳው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ አምስት ሰዓት ተኩል ይበራል። ፓስፖርቱም ወረቀቱም ሙሉ ነው። ብነግረው ኖሮ ማታውኑ ከእናቱ ራስጌ ይቀመጥ ነበር። አልነገርኩትም። እኔ ነኝ ያልነገርኩት።

ለምን? የወር መጨረሻ ነበር፤ ብርዱ ገብቷል፣ ሱቁ በገዢ ተጨናንቋል፤ ያለ እሱ ደግሞ አፍ የለኝም። ይኸው ነው ምክንያቱ። ለራሴ ግን “መርዶ እንዲህ በዘፈቀደ አይነገርም፤ ሽማግሌ ይሰብሰብ፣ ማለዳ ይሁን” አልኩት። ወግ አክባሪው እኔ! እህቱን ትኬት ጠፋ አልኳት። አርብ ዕለት እዚህ አምስት ሰዓት ሲል፣ እዚያ ስድስት መሆኑ ነው፣ ሰዓቴን አየሁ። እሱ ለአንዲት ሴትዮ ብርድ ልብስ ዘርግቶ እየሳቀ ያሳያት ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌዎች ይዤ ቤሪያ ሰፈር ወዳለው ክፍሉ ሄድኩ። አልቅሶ አልቅሶ ሲወጣለት ወደ እኔ ዞረ። “ያኔውኑ ብትነግሩኝ እደርስ ነበር ጋሼ?”

“የት ትደርሳለህ! ሁለት ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው” አልኩት።

አመነኝ። ያን ሁሉ አገር በእግሩ ላቋረጠ ሰው ሁለት ቀን ምን አላት? ሽማግሌዎቹ በአውሮፕላን የተመላለሱ ናቸው፤ ላጽናናው ያልኩት መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ አምና ማለት ነው፣ አገሩን ሊያይ ሄደ። ሲበር የመጀመሪያው ነው። የደወለልኝ ከእህቱ ቤት ነው፤ ሁለቱ ውሸቶቼ አንድ ቤት ተገናኙ። “ምሳ ሰጡን፣ ትንሽ አሸለበኝ፣ ደረስን ጋሼ” አለኝ። ምን ብመልስለት ጥሩ ነው? “አውሮፕላኑ አዲስ ነው፤ ድሮ እንዲህ አልነበረም” አልኩት! ሦስተኛ ውሸት። እሱም “ይሆናል” ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ተመልሶ መጣ፤ ዛሬም አብሮኝ ይሠራል፣ ዛሬም ጋሼ ይለኛል። አንድም ቀን አላነሳብኝም። ምናለ ቢሰድበኝ! ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ሳታዩ ያስቀበርኩባችሁ እናት የለችም። ይቅርታው የእሱ ነው። በእሱና በእኔ መካከል ያለው አንድ ባንኮኒ ነው። ያንን ተሻግሬ ልነግረው ስነሳ ይኸው ዓመት ሞላኝ፤ እስካሁን አልደረስኩም።