መሪውን የያዘው ሞላ

ሐይቅ ከተማ፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ጥግ ብስክሌት መጠገን ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ባጃጅ ገበያዬን ወስዶብኛል፤ እውነቱን ለመናገር አልወደውም። የቀሩኝ ደንበኞች መንገዳቸው ለባጃጅ የማይመች የገጠር ሰዎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ሀሚዱ ነው፤ እኩያዬ፣ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ባለች መንደር ሽንኩርት የሚያመርት፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው።

የሀሚዱ ብስክሌት ሽንኩርት ብቻ አይጭንም ነበር። ሚስቱ ዙለይሃ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ፣ ሐሙስ ሐሙስ ለዱዓ እህቷ ረቢያ ቤት የምትሄደው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ተቀምጣ፣ እሱ እየገፋት ነበር። መንዙማውን የምታወጣው ዙለይሃ ነበረች፤ ሌላው ተቀባይ ነው። እኔ ክርስቲያኑ እንኳ አንድ ጊዜ በዚያ ሳልፍ ድምፅዋን ሰምቼ መንገዴን ረስቼ ቆሜያለሁ።

ባለፈው ዓመት ግን ወደቀች። ሀሚዱ እንደ ልማዱ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እሷ ደጃፉ ላይ ያለውን ድንጋይ ረግጣ ስትወጣ፣ የፊት ጎማው ወደ ጎን ተጠመዘዘና ብስክሌቱ ይዟት ተገለበጠ። ጎረቤት ሁሉ እያየ ሻሿ ወልቆ ጭቃ ላይ ተዘረረች። አጥንቷ አልተነካም፤ የተነካው ሌላ ነው። ከዚያ ወዲያ ብስክሌቱ ላይ አልወጣም አለች። ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ከደጃፏ አልራቀችም። ረቢያ ቤት መንዙማውን ሌላ ሰው ያወጣ ጀመር፤ ዙለይሃም ቤቷ ውስጥ እንኳ ማንጎራጎር ተወች።

ይህን ሀሚዱ የነገረኝ ጎማ ሊያስለጥፍ በመጣ ቀን ነው። እጆቹን ቁልቁል እያየ፣ "አምሳሉ፣ እኔ ነኝ የጣልኳት። እጄ ደክሟል ወላሂ" አለኝ። ተናደድኩ። ይህን ያህል ዘመን የማውቀው ሰው ዓመት ሙሉ በሐሳብ ሲብሰለሰል እኔ ጎማ ብቻ እለጥፍለታለሁ። ጥፋቱ የእጁ እንዳልሆነ ነገርኩት። ከኋላ ክብደት ሲያርፍ ፊቱ ይቀልና ጎማው እንዳሻው ይዞራል፤ የሃያ ዓመት ጎረምሳም አያቆመውም። መድኃኒቱ ሞላ ነው፤ አንዱን ጫፍ የፊት ጎማውን ከያዘው ሹካ፣ ሌላውን ከብስክሌቱ አካል ጋር ማሰር። መሪው ሲጠመዘዝ ሞላው ጎትቶ ያቃናዋል።

የመጀመሪያውን ሞላ የፈታሁት ከተጣለ ባጃጅ ላይ ነበር። በማግስቱ ሀሚዱ ሱሪው ጭቃ ለብሶ መጣ፤ ኩርባው ጋ መሪው አልዞር ብሎት ባቄላ ማሳ ውስጥ ገብቷል። ብረቴ ሐቀኛ እንደሆነ፣ ከቀጥታ ሌላ መንገድ እንደማያውቅ ነገረኝና ሳቀ። ከባጃጅ ምን ደግ ነገር ይጠበቃል። ከአሮጌ አልጋ ላይ ለስለስ ያለ ሞላ አወጣሁና፣ ሐሙስ ጠዋት መንደሩ ድረስ ሄጄ አሰርኩት።

ዙለይሃ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እያየችኝ ነበር። ስጨርስ ብስክሌቱን በመቆሚያው አቆምኩና ራሴ ዕቃ መጫኛው ላይ ወጥቼ ተወዛወዝኩ። መሪውን ማንም አልያዘም፤ ጎማው ግን ንቅንቅ አላለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ እሷ አላመነችም። ከብረቱ ጋር ጠብ እንደሌላት፣ ሰው ፊት ዳግመኛ መውደቅ ግን እንደማትፈልግ ነገረችን።

ሀሚዱ ወደ ብስክሌቱ ሄዶ እንደ ልማዱ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ጥቂት ቆይቶ ለቀቀው። መሪው ባለበት ቆመ። እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ለጊዜው ግራ የገባው ይመስል ነበር። ከዚያ ድንጋዩ ጋ መጣና አንዱን እጁን ዘረጋላት።

በእኛ አገር በሀሚዱ ዕድሜ ያለ ባል ጎረቤት ፊት የሚስቱን እጅ አይዝም። ጎረቤቶቹ ደግሞ አጥሩ ጥግ ቆመዋል። ዙለይሃ እነሱን አየች፤ እጁን አየች።

"አርባ ዓመት አብሬህ ስኖር ይህን እጅ የት ደብቀኸው ነበር?" አለችው።

"መሪው ላይ ነበር" አለ።

ያዘችውና ወጣች። ተደላድላ ከተቀመጠች በኋላም አልለቀቀችውም። ሀሚዱ በአንድ እጁ መሪውን፣ በአንድ እጁ እሷን ይዞ፣ ብስክሌቱን እየገፋ በጎረቤቶቹ መካከል አልፎ ወደ ረቢያ ቤት ሄደ።