የሌለ ከተማ ከንቲባ

የሥራ ባልደረቦቹ «ከንቲባው» ይሉታል። ከተማ አለው፤ ችግሩ ከተማው የለም። የሚገኘው እነሱ በሚሠሩት የቪዲዮ ጌም ውስጥ ነው። የድንጋይ መንገዶቹን፣ የዳቦ ቤቱን ጥቁር ጭስ ማውጫ፣ የፀጉር አስተካካዩን የተሰነጠቀ መስታወት ሳይቀር ያቆመው እሱ ነው። እዚያ ዝናብ ሲመጣ የተሰጣ ልብስ ይነሳል፤ ጣራ የሚያፈስ እንደሆነ በማግስቱ ይጠገናል። በራሱ ቤት ግን የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠብ ከጀመረ ቆይቷል። ሚስቱ «የዚያ ከተማ ሕዝብ ታድሎ!» ትላለች።

አለቃቸው የጫማው ኮቴ የማይሰማ ሰው ነው። እሱ ብቅ ሲል ቢሮው ውስጥ ከኮምፒውተር ማራገቢያ በቀር ድምፅ አይቀርም። «የእኔ ሠራተኞች ጨዋ ናቸው፤ ወሬ የሚባል አያውቁም» እያለ በየሄደበት ይመካባቸዋል።

ይህ አለቃ አንድ ቀን ጌሙን ሲጫወት ዋለና ፊቱን አኮሳትሮ መጣ።

«ይሄ ከተማ አይደለም፣ ሬሳ ቤት ነው። ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ማን ልብ አለኝ? ዳቦ ሰረቅሁ፤ ዳቦ ጋጋሪው በማግስቱ ‹እንዴት አደርክ› አለኝ። እስከ አርብ ነፍስ ካልዘራህበት አፍርሰን በረሃ እናደርገዋለን።»

በረሃ ከንቲባ እንደማያሻው ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። ከንቲባውም ምሳውን ትቶ ኮምፒውተሩ ላይ ተተከለ።

ከዚያ አንድ ዘዴ መጣለት፤ ለሕዝቡ ወሬ ሰጠው። አንዱ ያየውን ላገኘው ሁሉ እንዲያወራ፣ ሰሚውም ትንሽ ጨምሮ እንዲያሳልፍ አደረገ። ሊሞክረውም አንዲት ዳቦ ሰረቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ አንዷ ዳቦ ውሃ መቅጃው ጋ ስትደርስ ከረጢት ሙሉ ሆነች፤ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ስትደርስ ዳቦ ቤቱ ተቃጥሎ ነበር። እስከዚህ መልካም ነው። ችግሩ ወሬውን ለሌባው ለራሱም መንገራቸው ነው።

«ሰላም ዋልክ፣ ሌባው!» አለችው ውሃ ቀጂዋ በፈገግታ።

«ዳቦ ቤቱን ያቃጠልከው አንተ ነህ። ፀጉርህን ላሳጥርልህ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

የጌሙን ዛፍና ደመና የምትሥለው ሠዓሊ ከጀርባው ቆማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንተ ከንቲባ፣ ይሄ እኮ ከተማ ሳይሆን የድምፅ ማጉያ ነው!»

አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ አማቱና ሚስቱ ተጠጋግተው በሹክሹክታ ያወሩ ነበር። ሲያዩት ጸጥ አሉ። ሚስቱ የታጠበውን ድስት እንደገና ማሸት ጀመረች። አማቱ ቢላዋቸውን አነሱና ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሳለ፦

«የዘንድሮ ሽንኩርት እንዲያው አያስለቅስም» አሉ።

«ስለ እኔ ነበር የምታወሩት?»

«ኧረ ወዲያ! አንተ ደግሞ፣ ስላንተ ምን ይወራል?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ነበር። እሱ ግን ፊቱ እንደ መብራት በራ።

«እማማ፣ እባክዎ እንደገና ይሙኝ። እኔ ልውጣና ልግባ። እጅዎ ወደ ቢላዋው የሄደው ዝም ከማለትዎ በፊት ነው በኋላ?»

አማቱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አላልኩሽም? ሥራውን ሳያጣ ልቡን አጣ።»

አርብ ጠዋት አለቃው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ ሌሎቹ ከጀርባው ተደርድረው ቆሙ። ተጫዋቹን ይዞ ገባና መጀመሪያ ዳቦ ሰረቀ፤ አመል ነው። ውሃ መቅጃው ጋ ሴቶች ያወራሉ፤ ሲጠጋ ጸጥ። አንዷ ቀና ብላ «ዛሬ ሊዘንብ ነው መሰለኝ» አለች። ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና የለም። ፀጉር ቤት ሲገባ የሞቀው ሳቅ እንደ ክር ተበጠሰ።

«ታዲያ አዲሱ ነገር የቱ ነው?» አለ አለቃው። «ሰው ሲመጣ ዝም ይላሉ። ጨዋነት ነው። የእኛን ቢሮ መሰለኝ።»

ሠዓሊዋን ሳል ያዛት። ከንቲባው ቢያስረዳ አለቃው ቢሮው ለምን ዝም እንደሚል ሊገባው ነው፤ ባያስረዳ ከተማው አሸዋ ሊሆን ነው። ወደ ስክሪኑ አየ፤ ልብሷን የምታሰጣውን አሮጊት አየ። አሳዘነችው።

«ጌታዬ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ከግድግዳው ጀርባ ሆነው ይስሟቸው» አለ በደከመ ድምፅ።

አለቃው ተጫዋቹን ደብቆ አቆመ።

«ሄደ?» አለች አንዷ።

«ሄዷል። አረማመዱን አየሽው? መሬቷን ለእሱ ብቻ የዘረጉለት ይመስል!»

«ፊቱ ግን እኮ ያሳዝናል።»

«ለዚያ ነው ማንም የማይነግረው።»

ከተማው በሳቅ አውካካ። የአለቃው እጅ ባለበት ቀረ። ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ሠራተኞቹ አዞረ። ሠዓሊዋ ጭንቅ ቢላት ፀሐይ ቦግ ወዳለበት መስኮት ዞራ፦

«ዛሬ… ሊዘንብ ነው መሰለኝ» አለች።

አለቃው ሰማዩን አየ፤ እሷን አየ፤ ከዚያም ከተማውን አየ።

«ከተማው ይቆይ» አለ ዝግ ብሎ፣ ወጥቶም ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ከንቲባውም ማታ ቤቱ ሲደርስ ከወጥ ቤት ሹክሹክታ ሰማ። ይህን ጊዜ ጫማውን በሩ ላይ ጮክ አድርጎ ጠረገ፤ ዝም የሚሉበት ጊዜም ሰጣቸው።

«ከተማው ተርፏል» አላቸው ገብቶ። «ሽንኩርቱስ ዛሬ እንዴት ነው?»

«ዛሬ እንኳ ደህና ነው» አሉ አማቱ፣ በዓይናቸው ቧንቧውን እያሳዩት። «ያንጠባጥባል እንጂ።»