የልጅቷ ጾም

ፌስቡክ ላይ በጻፍኩት ነገር ተይዤ የካ ውስጥ ወዳለ አንድ ጣቢያ የገባሁት ጠዋት ነበር። ክፍሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ፀሐይ ስትበረታ እንደ ምድጃ ይግላል። በትንሿ መስኮት የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል፣ ነፋሱ ግን እኛ ጋ አይደርስም።

በዚያ ሙቀት አንዲት ልጅ ወፍራም ሹራብ ለብሳ ጥግ ይዛለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ወንድሟን ሊይዙ መጥተው ሲያጡት እሷን አመጧት። ምግብ ሲቀርብ "ጾም ላይ ነኝ" ትላለች፤ ሲመሽ ደረቅ ዳቦ ትቆርሳለች። ብዙዎቻችን የጾም ጸሎት ሰዎች ስለነበርን ማንም አልጠረጠረም። እንዲያውም የክፍሉ እስረኞች አለቃ የሆነችው ካቧችን፣ መገናኛ ልብስ የምትሸጥ ተጫዋች ሴት፣ "እኛ ሆዳችንን እንሙላ፣ ይቺ ትጸልይልን" እያለች ትቀልድ ነበር።

አንድ እሑድ እህቴ ሽሮ ላከችልኝ። ካቧ "ዛሬስ ጾም የለም" ብላ ልጅቷን ወደ ማዕዱ ሳበቻት። እኔ ጆጉን ይዤ አስታጥባለሁ። ሹራቧ እየራሰ እጅጌዋን አልሰበስብ አለች፤ ካቧ በደግነት ገፋ አደረገችላት።

ክንዷን አየነው። የዳነም ያልዳነም ቁስል ነበረበት፤ ራሷ እንዳደረገችው ገባን። ጾሙም ያኔ ገባኝ። ክንዷን ላለማሳየት ስትል መታጠብ ፈርታ ነበር የምትራበው።

ልጅቷ እጅጌዋን መልሳ ወደ ጥጓ ሸሸች።

"ኢየሱስ! አማኝ ሆና?" አለች አንዷ።

"አንቺ ዝም በይ!" አለች ካቧ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በሹክሹክታ፣ "ለፖሊስ ካልነገርን አንድ ነገር ብትሆንስ? ከነገርን ደግሞ ለብቻዋ ይቆልፉባታል።"

ሁለቱም እውነት ነበር። ሄጄ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ አንድ ቃል ብሳሳት የማጣት መሰለኝ።

"መሞት ፈልገሽ ነው?"

"አይደለም እትዬ። ሲጨንቀኝ ነው።"

"ለማን ነግረሽ ታውቂያለሽ?"

"ለማን ብዬ? እማዬ ብትሰማ ትሞታለች።"

"ለእኔ ንገሪኝ፣ እኔ አልሞትም። ግን ሐኪምም ሊያይሽ ይገባል።"

"ለብቻዬ ካስቀመጡኝስ?"

"ጣቢያው እስኪናወጥ እጮሃለሁ።"

ትንሽ ፈገግ አለች።

ካቧ በሩን አንኳኳች። "ልጃችን ቁስል አላት፣ ነርስ ትምጣላት። ከእኛ ግን አትለዩብን" አለቻት ለፖሊሷ። ፖሊሷ አንድ በአንድ አየችን። "ነገ ትመጣለች። እስከዚያ አይናችሁ ከእሷ እንዳይነቀል" ብላ ሄደች።

በእኛ ደንብ ታላቅን የሚያስታጥበው ታናሽ ነው። ካቧ ግን ጆጉን ከእጄ ተቀብላ ልጅቷ ፊት ተንበረከከች፤ አይኗን ውሃው ላይ ተክላ ጠበቀች። እኛም ሽሮው ጨው በዛው፣ አልበዛም እያልን ክርክር ያዝን። ልጅቷ ቆይታ ቆይታ እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበች።

አሁን ካራ ነው የምኖረው። ልጅቷ ከተፈታች ወዲህ ሐኪም ታያለች። እናቷም ሰምታለች፣ አልሞተችም። ቢሆንም ስልኬ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ከመገናኛ ደወለች።

"እትዬ፣ ዛሬ ጨንቆኛል።"

"ታክሲ ያዥና ነይ። ምሳ አልበላሁም፣ አብረን እንበላለን።"

በልቼ ነበር። ውሃ በጆግ ቀድቼ በር ላይ ጠበቅኳት።