በጋሽ ኢድሪስ መኪና ውስጥ የተደረገው ውይይት

በዚህ ጉዞ የነበርነው ሰባት ሰዎች ነን። መሪውን የያዙት ጋሽ ኢድሪስ ናቸው፤ የአስመራ ሰው፣ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር፣ አማርኛቸው ከብዙዎቻችን የጠራ። ከጎናቸው በዕድሜ ታላቃችን አቶ መኮንን፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። መሐል ወንበር ላይ እትዬ ዘውዴና የልብ ጓደኛቸው ወይዘሮ ሙሉ። ከኋላ ሆቴል ውስጥ ተቀጥረው የሚሠሩት አቶ ታደሰ፣ ውይይቱን የምትመራው ሰናይት፣ ጥግ ላይ ደግሞ እኔ፣ ናትናኤል። ስማቸውንና እዚህ የምጽፈውን ሁሉ እንዳወጣ ሁሉም ፈቅደውልኛል።

የጉዞው ምክንያት ይህ ነው። ብዙዎቻችን የምንታከምበት ክሊኒክ አማርኛ ተናጋሪዎችን የሚያስተናግደው በስልክ አስተርጓሚ ነው፤ ስልኩ ካልሠራ ታካሚው ልጁን ይዞ ይገባል። በዚያ ሰሞን በአካል የሚገኝ አስተርጓሚ ለመቅጠር አስቦ ነበር። ከመወሰኑ በፊት ግን ታካሚዎቹ ራሳቸው ሲናገሩ መስማት ፈለገ። ጥቂት ሰዎች ተቀምጠው በተዘጋጁ ጥያቄዎች ላይ ይወያያሉ፣ ድምፃቸው ይቀዳል፣ ሰኞ ሪፖርት ይቀርባል። ካልቀረበ ለቅጥሩ የተያዘው በጀት ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል።

ውይይቱን ያቀድኩት እኔ ነኝ። ለዚህ ሥራ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ያወቅኩትን ከቤተ መጻሕፍት ከተዋስኳቸው መጻሕፍት ነው የለቀምኩት። መጻሕፍቱ ሰው በነፃነት የሚናገረው ከሚያውቁት ሰዎች ዐይን ራቅ ባለ ጸጥተኛ ክፍል ውስጥ ነው ይላሉ። ብዙዎቻችን በምንኖርባት ኦክላንድ ውስጥ ከሚያውቁት ሰው መራቅ ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ክሊኒኩ ራቅ ብላ ባለችው ከተማ፣ ሳን ሆዜ፣ ባለው ቅርንጫፉ አንድ ክፍል ሲፈቅድልኝ፣ ምሳም እችላለሁ ሲል፣ ሁሉም ነገር የሞላ መሰለኝ።

ዓርብ ጠዋት

ከኦክላንድ ስንነሳ ሰማዩ ገና ጭጋግ ነበር። ሳን ሊያንድሮ ላይ እትዬ ዘውዴ ካፖርታቸውን ደርበው ከአፓርታማቸው በር ላይ ጠበቁን። ዩኒየን ሲቲ ባቡር ጣቢያ ደርሰን አቶ ታደሰን ስንጠብቅ ጋሽ ኢድሪስ ሻይ ገዙ።

«ሦስት ዶላር ከሃምሳ!» አሉ ሲመለሱ። «ለፍል ውሃና ለአንዲት ክር!»

«ክሩንም አኝከው እንግዲህ፣ ከፍለህበታል» አሏቸው አቶ መኮንን።

ከዚያ በኋላ ጭጋጉ ተገለጠ። በስተግራ ኮረብቶቹ በበጋው ደርቀው እንደ ገለባ ቢጫ ሆነዋል። የሁላችንም ፊት ወደ መንገዱ ነው፤ ወሬው ሳይታሰብ ወደ ክሊኒኩ ዞረ።

«ደረቴን ወጋኝና ሄድኩ» አሉ አቶ መኮንን። «በስልኩ ‹ይወጋኛል› አልኩ። ‹ይድገሙልኝ› አለኝ። ደገምኩ። ተቋረጠ። ሌላ ሰው መጣና እንደ አዲስ ስሜን ጠየቀኝ። ሦስተኛው ሰው ጋ ስንደርስ ሕመሙ ራሱ ሰልችቶት ለቀቀኝ!»

መኪናዋ በሳቅ ተሞላች። አቶ ታደሰ የራሳቸውን ቀጠሉ፣ ወይዘሮ ሙሉ አከሉበት። እኔ ግን ጨነቀኝ፤ መቅጃው ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ፈቃድም ገና አልጠየቅንም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አልኩ። «እባካችሁ ይሄንን ለሳን ሆዜ ብታቆዩት?»

«ሰማህ፣ መኮንን?» አሉ ጋሽ ኢድሪስ። «ሕመምህን ለሳን ሆዜ አቆየው ተብለሃል።»

ሳን ሆዜ፣ ክፍሉ ውስጥ

ክፍሉ ያማረ ነበር። ክብ ጠረጴዛ፣ ለስላሳ ወንበር። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ምግቡ የጾም እንዲሆን አስቀድሜ ጽፌላቸው ነበር፤ ምስር፣ ጎመንና የአትክልት ሳምቡሳ ተደርድሮ ጠበቀን። አንዲት የክሊኒኩ ሠራተኛ በር ድረስ ወጥታ ተቀበለችን፣ ውሃ ቀዳችልን፣ ከዚያ በሩን ዘግታልን ሄደች። በላን። ፈቃድ ጠየቅን፣ መቅጃውን ከፈትኩ።

ሰናይት ጥሩ አወያይ ናት፣ አትቸኩልም። «ክሊኒክ ስትሄዱ የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው?» ብላ ጀመረች።

«ምን ያስቸግረናል» አሉ አቶ መኮንን። «እግዜር ይስጣቸው።»

«እኔም እንደ ጋሼ ነኝ» አሉ አቶ ታደሰ።

«ምን ጎደለብን? ተመስገን ነው» አሉ እትዬ ዘውዴ።

ሰናይት ጥያቄውን በሌላ መንገድ አመጣችው። «ስለ ስልኩስ፣ ጋሼ? በመንገድ ላይ ሲነግሩን የነበረው?»

አቶ መኮንን አሰብ አደረጉ። «ስልኩ? አይ፣ ጥሩ ስልክ ነው።»

ከሠላሳ ደቂቃ በላይ በዚሁ ሄደ። መቅጃው ላይ ከምስጋና በቀር ምንም አልነበረም። በዚህ ሪፖርት ማንም አስተርጓሚ አይቀጥርም።

ወደ ፓርኪንጉ ስንወጣ እትዬ ዘውዴ ፊቴን አዩት።

«ምነው ናቲ፣ አመመህ እንዴ?»

«አይ እትዬ። ጠዋት ያላችሁትን አንዱንም አልደገማችሁትም።»

ቆም አሉና እንደ ሕፃን አዩኝ። «አንተ ልጅ! ቤታቸው ገብተን፣ ማዕዳቸውን በልተን፣ አፋችንን ሳንጠርግ እንማቸው? ማን አሳደገህ?»

ስለ ክፍሉ ጸጥታ፣ ስለ ጠረጴዛው ቅርፅ፣ ስለ ጾሙ ሳይቀር አስቤ ነበር። የማን ቤት እንደሆነ ብቻ አላሰብኩም። መስተንግዶው ባማረ ቁጥር አፋቸው ተዘግቷል።

አቶ መኮንን ባርኔጣቸውን አጠለቁ። «መኪናው የማን ነው?» አሉ።

«የእኔ ነዋ» አሉ ጋሽ ኢድሪስ።

«እንግዲያው አንተን እስካላማን ድረስ መናገር እንችላለን። ልጄ፣ ያንን ዕቃህን አምጣው።»

ወደ ሰሜን፣ በትራፊክ መሐል

ፍሪዌዩ ላይ እንደገባን ትራፊኩ ቆመ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ደስ አለኝ። ሰናይት የእያንዳንዱን ሰው ፈቃድ እንደገና ጠየቀች፤ መቅጃውን በመሐለኛው ወንበር መደገፊያ ላይ ያዝኩት። አቶ መኮንን ደረታቸውንና ሦስቱን አስተርጓሚዎች ከጠዋቱ አሳምረው ተረኩት። ጋሽ ኢድሪስ «እኔ ሹፌር ነኝ፣ አልቆጠርም» ብለው ከሁሉም በላይ አወሩ።

ከዚያ እትዬ ዘውዴ፣ ዐይናቸውን ከፊት ካሉት ቀይ መብራቶች ሳያነሱ ጀመሩ።

«የእኔን የሚያስተረጉመው ልጄ ናሆም ነው። ጎበዝ ነው፣ እንቢ ብሎኝ አያውቅም። ግን የሴት ሕመም አለኝ። ለልጄ የማልነግረውን በልጄ አፍ ለሐኪም እንዴት ልንገር? ሁለት ጊዜ አፖይንትመንት ያዝኩ፣ ሁለቱንም ካንስል አደረግኩት።»

ማንም ወደ ማንም አልዞረም።

«አንቺ ዘውዴ!» አሉ ወይዘሮ ሙሉ ቀስ ብለው። «ሳትነግሪኝ?»

«አንቺስ ሁሉን ትነግሪኛለሽ?»

«እኔም ካንስል አድርጌያለሁ» አሉ ወይዘሮ ሙሉ። «የሚያስተረጉምልኝ አማቼ ነው፤ በእሱ ፊት አልችልም ብዬ።»

አቶ መኮንን ከፊት ወንበር ሳይዞሩ ተናገሩ። «ሴት አስተርጓሚ ትቀጠር በሉ። መጀመሪያ እሱን ጻፉ፤ የእኔ ደረት ይቆያል።»

ዩኒየን ሲቲ ላይ አቶ ታደሰ ወሬውን ትተው መውረድ አልፈለጉም፤ ባቡራቸውን አሳለፉና ቀጣዩን ያዙ። ሳን ሊያንድሮ ላይ ወይዘሮ ሙሉ ከእትዬ ዘውዴ ጋር አብረው ወረዱ። የወይዘሮ ሙሉ ቤት ኦክላንድ ነው፤ ማንም ግን ለምን ብሎ አልጠየቃቸውም።

ቤት

ቅጂውን ቅዳሜና እሑድ ጻፍኩት፣ ሰናይት ተረጎመችው፣ ሰኞ ያለ ማንም ስም ገባ። ክሊኒኩ በሳምንት ሁለት ቀን የምትሠራ ሴት አስተርጓሚ ቀጠረ። እትዬ ዘውዴ ቀጠሯቸውን አላፈረሱም። ናሆም አድርሷቸው መኪናው ውስጥ ጠበቀ፤ ወይዘሮ ሙሉ አብረው ገቡ። ሕመሙ የሚታከም ነው ተብሏል።

እኔ የተማርኩትን በአጭሩ ላስቀምጥ። ስለ አንድ ቤት መጠየቅ ከፈለግህ እዚያው ቤት ውስጥ አትጠይቅ፤ ምሳውንም ሌላ ሰው ይጋብዝ። ይህንን መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም፤ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፣ እኔ አላየሁም።

አብራችሁኝ የነበራችሁ ሁሉ፣ ያሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፣ የዘለልኩትንም ጨምሩበት። በተለይ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ፍሪሞንትን ስናልፍ ሰባታችንም ለረጅም ጊዜ ስንስቅ ቅጂው ላይ ይሰማል፤ እትዬ ዘውዴ «በቃችሁ፣ ሞትኩ!» ይላሉ። ከሳቁ በፊት የተባለውን ግን በጎናችን ያለፈ የጭነት መኪና ውጦታል። ደጋግሜ ሰማሁት፣ አልያዝ አለኝ። ተናጋሪው አቶ ታደሰ ይመስለኛል፤ ጋሽ ኢድሪስ ደግሞ «አንተ ነህ እንጂ!» ይሉኛል። ማን ነበር? ምንስ ነበር ያለው?